ሐሩን የማያውቀው ቃል

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ልጆቹስ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከደህናም በላይ ነኝ። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ሐሩን ከጎኔ ስለማይጠፋ ነው።

መካ፣ ዛሂር ሰፈር፣ የሠርግ ፎቶ ላነሳ ተጠርቼ ሄድኩ። የሴቶቹ አዳራሽ ወንድ አይገባበትም፤ ሴቱ ሁሉ ሻሹን አውልቆ ነው የሚጨፍረው። የሙሽራዋ እናት እትዬ ሸምሲያ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ያዙኝ። ፎቶው የት ነው የሚቀመጠው አሉ። ያለ ይለፍ ቃል የማይከፈት ዲስክ ላይ ነው አልኳቸው፣ ኮራ ብዬ፣ ከቦርሳዬ አውጥቼ እያሳየሁ።

«ካንቺ ሌላ ቃሉን ማን ያውቃል?»

ባሌ ሐሩን፣ አልኩ፤ እሱ ነው የቆለፈልኝ።

«እንግዲያው ካሜራሽን ሰብስቢ» አሉኝ።

ሊከፍተው ይቅርና ዞሮም አያየው ብዬ ማልኩላቸው። ወይ ፍንክች። ቃሉን እንዳልቀይር ፈራሁ፤ ከተነካ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል ብሎኝ ነበራ ሐሩን። እዚያ ውስጥ የስንት ሙሽራ ፊት አለ፣ ያንቺም ጭምር።

ራሔል ጋ ደወልኩ፣ ጅዳ ያለችው የኮምፒውተር መሐንዲስ። ክርስቲያን ሆና መካ አትገባም እንጂ በርራ ትመጣ ነበር። ሳቀችብኝ። ቃሉ የሚከፍተው ቁልፉ የተቀመጠበትን ትንሽ ሳጥን ነው፣ ፎቶዎቹ ከቦታቸው አይነቃነቁም አለች። መጀመሪያ አዲሱን ጨምሪ፣ በሱ ከፍተሽ አረጋግጪ፣ ከዚያ አሮጌውን ሰርዢ። «ደግሞ ስትጽፊ አፍሽን ዝጊ» አለችኝ። የምጽፈውን ጮክ ብዬ እንደማነብ ታውቅ የለ።

ወላሂ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ዝም ብዬ አላውቅም። ጻፍኩ፣ ተከፈተ። ሙሽሮቼ ሁሉ አሉ፣ አንቺም ሻሽሽ እንደተንሻፈፈ። አሮጌውን ሰርዤ ብሞክረው እምቢ አለ፤ ኸላስ፣ አለቀ። እትዬ ሸምሲያ ሙሽራዋ ሳትወጣ ለኔ እልል አሉ። ያን ቀን ያነሳሁትን የመሰለ ፎቶ አንስቼም አላውቅ።

ብረሳው የሚያስታውሰኝ አንድ ሰው ይኑር ብላለች ራሔል። አልጽፍልሽም። እማዬ ከወንዝ ስትጠራን ለሁለታችንም በአንድ ትንፋሽ የምትለው አለ አይደል? እሱ ነው፣ እንዳለ።

ጅዳ በተመለስኩ ማግስት ሐሩን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ዲስክሽ ተበላሽቷል መሰለኝ፣ አልከፈት አለ።»

ለኔ ይከፈታል አልኩትና ሽንኩርቴን መክተፌን ቀጠልኩ። ቃሉን አልጠየቀኝም። ቀና ብሎም አላየኝ።

አላህ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ቤትሽን ሰላም ይሙላልሽ።

አፏን መዝጋት የተማረችው እህትሽ