ጫማ ስለሚወለቅላት ኮምፒዩተራችን

በቤተ መጻሕፍቱ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የተለጠፈ
ጎንደር፣ ግንቦት 1980 ዓ.ም.

ለጓድ ዳኛው ሀብተሥላሴ፣ የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ

ክቡር ጓድ ኃላፊ፣

የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ወገብዎስ ከስብሰባ ወንበር ተላቆ ትንሽ ተሻለው? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ፤ መጻሕፍቱ ከተመዘገቡባቸው የካርድ ሳጥኖቼ ጋር ከአዳራሹ አውጥተው መተላለፊያው ላይ፣ ከበሩ ትይዩ ስላስቀመጡኝም ንጹሕ አየር እንደ ልቤ አገኛለሁና ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። ደብዳቤዬን እዚህ የለጠፍኩት ደጅዎን ብጠና ብጠና ስብሰባ ላይ ናቸው ስለተባልኩ ነው፤ ለሻይ ሲወጡ ግን በዚህ በኩል እንደሚያልፉ አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ለሚሰጠው የኮምፒዩተር ሥልጠና ከመካከላችን አንድ ሰው ሊመርጡ ነው፤ ማስታወቂያውም ዕድሜዋ ያልገፋ፣ እንግሊዝኛ የምትችል ይላል። እኔ መሄድ እፈልጋለሁ። ይኸው ተናገርኩት። ነገር ግን እንደ እርስዎ ላሉ ታላቅ ሰው ጉዳይን በአንድ መስመር ማቅረብ ክብር መንሳት ስለሚሆን፣ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አስከትላለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ክፍሏ። ኮምፒዩተሯ ከመጣች ወዲህ መጋረጃ ተሰፋላት፣ ምንጣፍ ተነጠፈላት፣ አቧራ እንዳይነካትም የሚገባ ሁሉ ጫማውን ያውልቅ ተባለ። የጎንደር ልጅ ነኝና ጫማ የት እንደሚወለቅ አልስተውም፤ ለእኔ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ሳገለግል ባርኔጣውን ያነሳልኝ አንድ ሰው የለም። በፊቷ የምትቀመጠው ወይዘሪት እናኑ ደግሞ በሚሽከረከር ወንበር ላይ ናት። ሸጋ ልጅ ናት፣ አልጠላትም፤ የምጠላው ወንበሩን ነው። ምነው ልዋሽ፣ እሷንም ትንሽ።

ሁለተኛ፤ ስለ አንባቢዎቼ። የሆስፒታሉ ነርሶችና የትምህርት ቤቱ መምህራን ገና ከበሩ «እትዬ እታገኘሁ፣ ያ ቀይ ልባስ ያለው መጽሐፍ የታል?» እያሉ ይመጡልኝ ነበር። ዛሬ በአጠገቤ ሹልክ ብለው ወደ ኮምፒዩተሯ ይገባሉ። በዚህ ዕድሜዬ ጣውንት መጣብኝ ማለት ነው። የባሰው ደግሞ ጣውንቴ ፈጣን ናት፤ እኔ መነጽሬን እስክፈልግ እሷ መጽሐፉን ታገኛለች። መብራት ሲጠፋ ግን ሁሉም ወደ ሳጥኖቼ ይመለሳል። መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ለአገር ልማት ይህ ጥሩ ስላልሆነ አስቀድሜ ግለ ሂስ አድርጌአለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ አባቶች። ፕሮግራሙን የሠሩት ፈረንጆች ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም ያለው መስሏቸዋል፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያም እንዳለ ተክሎት ሄደ። ስለዚህ ኮምፒዩተሯ ደራሲውን ሁሉ በአባቱ ስም ትደረድራለች። ባለፈው የመካነ ብርሃን ገበሬው አያ ሰጠኝ፣ ልጃቸው አንዳርጋቸው ስለ በግ በሽታ የጻፈውን መጽሐፍ ሊያዩ ያን ሁሉ አገር አቋርጠው መጡ። እናኑ «አንዳርጋቸው» ብላ ብትጽፍ የለም አለቻት፤ «ሰጠኝ» ብላ ብትጽፍ ወጣ። አያ ሰጠኝ ስማቸው ከፊት መቀመጡ ሲነገራቸው «እሰይ! በጎቹን የጠበቅሁ እኔ፣ የጻፈ እሱ፤ ይቺ ዕቃ ፍርድ ታውቃለች!» ብለው ሳቁ። እኔም ተሽቀዳድሜ ልጁን በራሱ ስም ያስቀደመውን ካርዴን ባስነብባቸው «ያንቺው አድሏል» ብለውኝ እርፍ! መርቀው የሄዱትም ኮምፒዩተሯን ነው። ትክክለኛው ካርድ በእጄ እያለ ምርቃቱን እሷ ወሰደችው። ይህን እንዴት ልቻለው?

አራተኛ፤ አሁንም ወንበሩ።

እንግዲህ ለሥልጠና የሚሄደው ማንም ይሁን ማን፣ ይህችን ምክር ስንቅ ያድርጋት። ፕሮግራም ሲተከል ለስም የሚሆነውን ቦታ ከመክፈል በፊት፣ አንባቢ መጽሐፍ ሲፈልግ ማንን ብሎ እንደሚጠራ ቆሞ ማድመጥ ነው፤ በእኛ አገር የሚጠራው ልጁ ነው። ስማችን በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍም አንድ ዓይነት አጻጻፍ ተስማምቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይገባል፤ እናኑ ዛሬ በአንድ «ቲ» ነገ በሁለት «ቲ» ስለምትጽፍ፣ ኮምፒዩተሯ አንዱን ሰው ሁለት አድርጋ ቆጥራዋለች። ሥራው ሁሉ የሚቀመጥባት ዲስኬት ደግሞ ብቻዋን በዚያው ክፍል መሳቢያ ውስጥ ናት፤ ጣሪያው የሚያፈሰውም እዚያው ላይ ነው፤ ክረምት ሳይገባ ቅጂዋ ሌላ ቤት ይደር። የትኛው ቁልፍ ተነክቶ ምን እንደሚመጣ በአማርኛ ይጻፍ፤ እናኑ ነገ ማክሰኝት ብትዳር ዕውቀቱ አብሮ ይዳራል። ፕሮግራሙ የተለወጠ እንደሆነም አስቀድሞ በጥቂት መጻሕፍት ይሞከር እንጂ በሁሉም ላይ አይጀመር።

ይህን ከየት አወቅሽው ቢሉኝ፣ ቀንቼ ነው። የጣውንቷን ነገር እንደምታጠና ሴት የሚያጠና ተማሪ የለም። ምሳ ሰዓት ላይ በመጋረጃው ቀዳዳ ቆሜ አያታለሁ፤ ጽሑፉ ብርት ሲል ልቤም አብሮ ብርት ይላል። ላጠፋት አይደለም፤ ጣቴን ላሳርፍባት ነው።

ሳጥኖቼን ከአዳራሽ በማውጣት ትሕትናን ስላስተማሩኝ፣ ጥያቄዬን ሳይሰሙ በመተው ትዕግሥትን ስላወረሱኝ፣ ዕድሜዬንም ከእኔ በላይ አጥብቀው ስለቆጠሩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ከማይጎድል አክብሮት፣ ከአብዮታዊ ሰላምታና ከማልደብቀው ቅናት ጋር፣

እታገኘሁ ክንዱ
የአንባቢ አስተናጋጅ

የተረሳች ነገር፦ እንግሊዝኛ አትችልም ብለው ሊጥሉኝ እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው፣ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም። ኮምፒዩተሯ ግን አንዲት የአማርኛ ፊደል ሳትለይ ጎንደር ገብታ፣ ቋንቋ ተምረሽ ነይ ብሎ ከበር የመለሳት የለም። ቋንቋ የጎደላትን መጣል ካስፈለገ በክብር ከእሷ ይጀምሩ፤ ስትወጣ በአንድ በኩል ይዤ አግዝዎታለሁ።