ስለ ስምንተኛው ገጽ፣ ስልክ ለማያነሱት ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የመድኃኒት አከፋፋዩ ድርጅት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ
ባሉበት ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል እንዳይመስልዎ፤ ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ድምፅዎ ቢጠፋብኝ ክፉ ነገር አግኝቶዎት ይሆን ብዬ በብርቱ ሰግቼ ነበር። ደግነቱ ባለፈው ሳምንት በድርጅቱ ገጽ ላይ ሪባን ሲቆርጡ አየሁዎትና ልቤ መለስ አለ።

እኔ የማንም ተቀጣሪ ሳልሆን በየሥራው እየተዋዋልኩ የምጽፍ ሴት ነኝ። ስለ ሕፃናት የትኩሳት ሽሮፕ አሰጣጥ ለእናቶች የሚታደለውን ባለ አሥራ ስድስት ገጽ መጽሔት ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት። በዚህ አጋጣሚ ላመሰግንዎ የሚገባኝን ነገር በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ትዕግሥት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የሰጡኝ ሰነድ ለአንድ ዓመት ሕፃን የሚሰጠውን መጠን በአንድ ቦታ አምስት ሚሊ ሊትር፣ በሌላ ቦታ አሥራ አምስት ሚሊ ሊትር ይለው ነበር። እኔ ሐኪም አይደለሁምና በስምንተኛው ገጽ ላይ ሁለቱንም ቁጥር በቢጫ ቀለም አድርጌ፣ ከጎኑ «ባለሙያ ያረጋግጥ» ብዬ ላክሁልዎ። መልስ የለም። ሁለት ኢሜይል ጨመርኩ። ደወልኩ። የስልክ መልእክቴን ማንበብዎን የሚያበስሩት ሁለት ሰማያዊ ምልክቶች ብቅ ሲሉ ግን አገኘኋቸው ብዬ ደስ አለኝ፤ ከዚያ በኋላም መልስ የለም።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍቅርዎ አመሰግናለሁ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን መጽሔቱ ማተሚያ ቤት መግባቱን በፎቶግራፍ አስደግፈው ሲያበስሩ፣ ከፎቶው ሥር «ስምንተኛው ገጽ ስሕተት ሊኖረው ይችላል፣ እባክዎ በአስቸኳይ ይደውሉልኝ» ብዬ ጻፍኩ። እርስዎም የቀይ ልብ ምልክት ሰጡኝ። ፎቶውን አጉልቼ ስመለከት፣ ከማሽኑ በሚወጣው ወረቀት ላይ ቢጫው ጠፍቶ፣ አምስቱም ጠፍቶ፣ አሥራ አምስት ብቻውን ቀርቷል። ነርስ ለሆነችው ታላቅ እህቴ ባሳያት ፊቷ ተለወጠ። «አንቺ! ይሄ ለአንድ ዓመት ልጅ ነው? እንዲህ በቀን አራቴ ከሰጡትማ ጉበቱን ነው የሚጨርሱት!» አለችኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ ወንበርዎ አመሰግናለሁ። በማግስቱ ጠዋት ቢሮዎ መጥቼ ከጸሐፊዎ ፊት ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀምጫለሁ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። በቢሮዎ በር መስተዋት በኩል ግን ብቻዎን ሆነው፣ የሪባኑን ፎቶ በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደሚሰቅሉት ሲለኩ አይዎት ነበር። ስብሰባው ከግድግዳው ጋር ከሆነ እኔ ምን እላለሁ። እያንዳንዷ ደቂቃ ስንት ወረቀት እንደምታወጣ አስባለሁ፤ ደግሞም ቁጥሩን ባዶ ትቼው ቢሆን ኖሮ እያልኩ ራሴን እረግማለሁ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ለእርስዎ አላካፍልዎትም።

ስለዚህ ማተሚያ ቤቱን በፎቶው ላይ ካለው የሠራተኛ ልብስ ስሙን አንብቤ አገኘሁት። ባልደረቦቻቸው ጋሽ ቀለም የሚሏቸው የማሽኑ ኃላፊ በመጀመሪያ «ልጄ፣ ያለ ደንበኛው ፊርማ ማሽን አላቆምም» አሉኝ። ቀጥሎ መነጽራቸውን አድርገው ስምንተኛውን ገጽ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። የእህቴንም ቃል ነገርኳቸው። ሄደው ቀዩን ቁልፍ ተጫኑና «ማሽኑ ተበላሽቷል! መቼ እንደሚሠራም አላውቅም!» ብለው ለሠራተኞቹ ጮኹ። ይሁን እንጂ አንድ ካርቶን በጠዋት ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወጥቶ ነበር።

እህቴን ይዤ በረርኩ። ካርቶኑን መለስነው፤ ነገር ግን ሰባቱ ለእናቶች ተሰጥተዋል። ከመዝገቡ ስልክ እያወጣን ስንደውል ስድስቱን እስከ ማግስቱ ቀትር አገኘናቸው፤ ደግነቱ አንዳቸውም ገና አልሰጡም ነበር። የሰባተኛዋ ስልክ ሁልጊዜ የተያዘ ነው። አድራሻዋን አጠያይቀን አራተኛ ፎቅ ወጣን። በሩ ሲከፈት ሕፃኑ ወለል ላይ ተቀምጦ የድስት ክዳን በማንኪያ ይቀጠቅጣል። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አራተኛና ዋነኛው ምስጋናዬ የመጣው ከዚህ ነው። እናትየው መድኃኒቱን ከቀዳች በኋላ መጠኑ በዝቶባት፣ በመጽሔቱ ጀርባ ወደታተመው ስልክ፣ ማለትም ወደ እርስዎ፣ ደጋግማ ስትደውል ነበር የዋለችው። ማንም አላነሳም። «ስጪ የሚል ወረቀት በትኖ ስልኩን የማያነሳ ሰው እንዴት ይታመናል?» ብላ ቀድታ የነበረውን ደፍታ፣ ልጁን ሐኪም ዘንድ ወስዳዋለች። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ዝምታዎ አንድ ሕፃን አድኗል። ስልክ የሚያነሳ ትሑት ሰው ቢሆኑ ኖሮ «የተጻፈውን ይከተሉ» ይሏት እንደነበር አልጠራጠርም።

እኔ ግን አሁንም እፈራለሁ። ዛሬ ጠዋት ጋሽ ቀለም ደውለው «ሥራውን ወደ ሌላ ማተሚያ ቤት ወስደውታል፤ የትኛው እንደሆነ አልነገሩኝም» አሉኝ። በዚያኛው ቤት ያለው ማሽን ደህና ነው ይባላል።

መልካም ጤንነት፣ የግድግዳ ስፋትና ረጅም ስብሰባ እየተመኘሁ፣ ስልኳ በጮኸ ቁጥር የምትደነግጠው ታዛዥዎ፣
መጽሔቱን የጻፍኩት ሴት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ለእርስዎ ብቻ ብልከው ሰማያዊ ምልክት ከማግኘት አላልፍም፤ ስለዚህ ለሰው ሁሉ ጻፍኩት። እርስዎ ማንበብ አይጠበቅብዎትም። በማንኛውም ማተሚያ ቤት የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ መጽሔቱ እጃችሁ ከገባ ስምንተኛውን ገጽ ግለጡ። አሥራ አምስት የሚል ካያችሁ፣ እባካችሁ የእናንተም ማሽን ይበላሽ።