የሰሚራ እጥፍ

ሰሚርዬ፣ የኔ እህት፣

ከተለየሽን ዘጠኝ ወር ሆነ። «እንደምን አለሽ» ብዬ ልጀምር ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። አላህ ማረፊያሽን ያሳምረው።

እማማ ደህና ናት። ወደ ጨርቅ መሸጫዋ ተመልሳለች። አልጋሽ የነበረበት መስኮት ሥር የስፌት መኪናዋን አስገብታለች። መጀመሪያ ተቆጥቼ ለሁለት ቀን አኮረፍኳት። አሁን ግን እዚያ ተቀምጣ ስትሰፋ ሳያት ደስ ይለኛል፤ ቦታው ባዶ አይደለም። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ። በቁመትም በልጬሻለሁ፤ ብንለካካ ጫማህን አውልቅ ብለሽ ትጨቃጨቂኝ ነበር።

ከትምህርት መልስ ማተሚያ ቤት እሠራለሁ። እንደ አጎት «አዴር» የምንለው አለቃሽ ሙሴ ያንቺን ጠረጴዛ ሰጠኝ። ያለቀ እስክሪብቶ ይዘሽ፣ ማስመሪያውን ተጭነሽ፣ ወፍራሙን ወረቀት ሳትቀጂው የመታጠፊያ መስመር ስታወጪበት ሁልጊዜ ትታይኛለሽ። ሳያሰምሩ ካጠፉት ቀለሙ ተሰንጥቆ ነጩ እንደሚወጣ፣ ብሮሸር ለሦስት ሲታጠፍ ወደ ውስጥ የሚገባው ገጽ በትንሹ መጥበብ እንዳለበት ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ስቸኩል እጥፉን ተጭነን በምናስተኛበት ማንኪያ ጀርባ ጣቴን መታ አድርገሽ «ወረቀት ነው እንጂ ጠላትህ አይደለም፣ ቀስ!» ትይኝ ነበር።

የምጽፍልሽ ግን ስለዚያ ቀን ልነግርሽ ነው። ታስታውሻለሽ፣ ከቶጎጫሌ የመጣው የዑምራ ተጓዦች ብሮሸር። ግማሹ በሶማሊኛ፣ ግማሹ በዓረብኛ ነበር። ደክሞኛል ብለሽ ጓዳ ጋደም አልሽና የሶማሊኛውን እንዳጥፍ ነገርሽኝ። ያኔ ድካምሽ በሽታ መሆኑን ማናችንም አላወቅንም። የሶማሊኛውን ጨረስኩ፤ ላስደስትሽ ብዬ የዓረብኛውንም ቀጠልኩ፤ በዚያው እጅ፣ በዚያው አቅጣጫ። ዓረብኛ ከቀኝ እንደሚከፈት ቁርአን ቤት ያደግኩ ልጅ ረሳሁት። ስትነሺ ሽፋኑ ሁሉ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ስለ ሻንጣ ክብደት የሚያወራው ገጽ ፊት ላይ ወጥቶ ነበር። ካዕባን እናያለን ያሉ ሰዎች ኪሎ ሊያነቡ ነው ብለሽ ሳቅሽ። አዴር ሲገባ ግን ሳቅሽን ዋጥ አድርገሽ «የኔ እጅ ነው» አልሽው። እኔ መሆኔን ቢያውቅ ዳግመኛ በሩን እንደማያስረግጠኝ አውቀሽ ነው። ማታ ጆሮዬን ቆንጥጠሽ፣ ለአንድ ሳምንት ሻሾችሽን አሳጠብሽኝ፤ ነገሩ አለቀ።

ለኔ ግን አላለቀም። ለቅሶሽ ላይ አዴር ሰውን ለማጽናናት ብሎ ያንን ታሪክ አወራ። ሰሚራ ስህተቷ እሱ ብቻ ነበር አለ። ሰው እያለቀሰ ሳቀ። እማማም ሳቀች። እኔ ግን የኔ እጅ ነው አላልኩም። ከዚያ ወዲህ ተገልብጦ የታጠፈ ነገር ሁሉ በማተሚያ ቤቱ «የሰሚራ እጥፍ» ተባለ። በፍቅር ነው የሚሉት፤ ግን ያንቺ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ሆዳን የምትባል አዲስ ልጅ ተቀጠረች። አይታሽ አታውቅም። አዴር ዓረብኛ ወረቀት ሰጣትና «የሰሚራን እጥፍ እንዳትደግሚው» አላት። እሷም ሰሚራ ማን ናት ብላ ሳትጠይቅ «ሰነፍ ነበረች እንዴ?» አለች። እዚያው ማንኪያውን አስቀምጬ «እኔ ነኝ ያጠፍኩት» አልኩ።

አዴር ቀና ብሎ አየኝ። «ምን አልክ?» ደገምኩለት። ሁሉንም ነገርኩት። «አስተግፊሩላህ! ዘጠኝ ወር ሙሉ በሞተች ልጅ ላይ ስዋሽ ከረምኩ?» ብሎ በሶማሊኛ ጮኸብኝ። ከሥራ ቢያባርረኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ ብሎ «አሁን እሷን የት አግኝቼ አውፍ በይኝ ልበላት?» ሲለኝ ነው አንጀቴ የተቆረጠው። እኔም ይኸው ስፈልግሽ ነው የከረምኩት።

ከዚያ ተነስቶ ማሽኑን አጠፋና ሁሉንም ጠራ። «ስሙ! ሰሚራ አራት ዓመት ስትሠራ አንድ ወረቀት አላበላሸችም። እጥፉ ከዛሬ ጀምሮ የነስሩ ነው!» አለ። ሆዳን አፏን በሻሿ ይዛ ሳቀች። ትናንት ዓረብኛ ሥራ ሲመጣ ከእሽጉ ላይ «ነስሩ አይንካው» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። እንደ ትናንት ደስ ብሎኝ ተሰድቤ አላውቅም።

ለእማማም ነገርኳት። ሰማችኝና «ሻሽ ስታጥብ ጠርጥሬ ነበር፤ አንተ መቼ ያለ ምክንያት ታጥባለህ» አለችኝ።

ሰሚርዬ፣ አልረሳሽም። አንድ ቀን ልጆች ብወልድ፣ አክስታቸው ወፍራም ወረቀት ላይ እንዴት ቀጥ ያለ መስመር ታወጣ እንደነበር አሳያቸዋለሁ። ያ የተበላሸው ብሮሸርስ የማን ነው ሲሉኝ፣ የአባታችሁ ነው እላቸዋለሁ።

ወንድምሽ ነስሩ
ጅግጅጋ