ገበያውስ ቅርብ ነው

ከወልቂጤ ከተማ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በአውሮፓ የሕክምና ቴክኖሎጂዎችን የገበያ ተደራሽነትና ዘላቂነት ለሚያጠናው ማዕከል፣
ለዳይሬክተሩ፣
ባሉበት።

እጅግ የተከበሩ ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የባልደረቦችዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በእኛ አገር ሰው ጤናውን ሲጠየቅ «ደኅና ነኝ» የሚለው ሳይለካ ነው፤ እርስዎ ግን መለኪያው በእጅዎ ስለሆነ መልስዎ በቁጥር የተደገፈ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ቁጥሩ ያማረ ይሁንልዎ።

የሺመቤት እባላለሁ። በዚህ ከተማ ብዙ ዘመን ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አውሮፓን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ከመሳል በቀር በዓይኔ አላየሁትም፤ ቢሆንም ወንዞቻችሁን ከምንጫቸው እስከ መግቢያቸው በቃሌ ስለማውቃቸው እንደ ሩቅ ዘመድ ቢቆጥሩኝ ቅር አይለኝም።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ሰሞኑን ከማዕከልዎ የደረሰኝ እጅግ ጨዋ መልእክት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እዚህ ያካሄዳችሁት ጥናት ሁለተኛ ዙር እንደሚኖረው፣ የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ የተደረገው በእኔ በረንዳ ላይ ስለነበረም ተሳታፊዎቹን ዳግመኛ ሰብስቤ እንድጠብቃችሁ፣ በተለይ «ተሳታፊ ሰባት»ን ከነልጇ እንዳገናኛችሁ ጠይቃችሁኛል። ተሳታፊ ሰባት ጎረቤቴ ትርሲት ናት። ልጇ ናዝራዊት ትባል ነበር። «ነበር» ወዳልኩት በኋላ እመለሳለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ እርስዎ አሳምረው የሚያውቁትን ነገር ለሌሎች አንባቢዎች ስደግም እንዲታገሡኝ በትሕትና እለምናለሁ። ናዝራዊት ከትንሽነቷ ጀምሮ የስኳር ሕመም ነበረባትና ያለ ኢንሱሊን መርፌ መዋል አትችልም ነበር። መርፌው ከመወጋቱ በፊት ጣት ተወግቶ፣ የደም ጠብታ ስትሪፕ በሚባለው ቀጭን ቁራጭ ላይ አርፎ፣ መለኪያው ቁጥሩን መናገር አለበት። መለኪያው በእናንተ አህጉር የተሠራና በበጎ አድራጊዎች በኩል የደረሳት ነው፤ ከራሱ ስትሪፕ በቀር የሌላውን አይቀበልም። የከተማችን ፋርማሲዎች ሌላ ዓይነት አያመጡም አልልም፤ መለኪያው ሲኖር ስትሪፑ የለም፣ ስትሪፑ ሲመጣ የሌላ መለኪያ ሆኖ ይገኛል።

ታዲያ በአህጉርዎ አዲስ ደንብ ወጣና አሮጌ መሣሪያዎች ሁሉ እንደገና ተመርምረው ፈቃድ እንዲያገኙ ታዘዘ። አምራቹ ለዚህ አሮጌ መለኪያ ያን ያህል መድከም እንደማያዋጣው ገልጾ ስትሪፑን ሊያቆም አሰበ። ማዕከልዎ ግን «ይህ ዕቃ ከገበያ ቢወጣ ማን ይጎዳል?» ብሎ ጠየቀ፤ የሚጎዳ ሰው ከተገኘም ምትክ እስኪገኝ ምርቱ እንዲቀጥል ለመምከር ሰዎቹን ወደ እኛ ላከ። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። ለዚህ ከልቤ፣ ያለ አንዳች ምፀት አመሰግናለሁ፤ ከዚህ በታች ለሚከተሉት ምስጋናዎች ግን ተመሳሳይ ዋስትና መስጠት አልችልም።

፩ኛ. የመጀመሪያው ምስጋናዬ «የገበያ ተደራሽነት» ለሚለው ትርጉማችሁ ነው። በእናንተ ዘንድ ይህ አነጋገር አንድ መሣሪያ ተፈቅዶ፣ ተገዝቶ፣ በሽተኛው እጅ መግባቱን እንደሚያመለክት ከሪፖርታችሁ ተረድቻለሁ። ወልቂጤ ሲደርስ ግን ገበያ ማለት ገበያ ነው። ጥያቄውን ለትርሲት ያቀረበላት ከአዲስ አበባ የቀጠራችሁት ሱራፌል የተባለ ትሑት ወጣት ሲሆን፣ ታብሌቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «ወደ ገበያ ያለዎት ተደራሽነት ምን ያህል ነው?» አላት። ትርሲት በቅንነት «የትኛው ገበያ?» አለች። «በአጠቃላይ።» «ገበያ በሚቆምበት ቀን ነው በአዘቦቱ?» «በአጠቃላይ ነው፣ እህቴ።» «በአጠቃላይማ ቅርብ ነው፤ ባጃጅ ቢጠፋ እንኳ በእግሬ ዱብ ዱብ ብዬ እደርሳለሁ፣ ምን አላት ይቺ።» ሱራፌልም «በጣም ተደራሽ» የሚለውን በጣቱ ነካው። እኔ ከወንበሬ ቀና ብዬ «ልጄ፣ የምትጠይቃት ስለ ስትሪፑ መሰለኝ» ስለው፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እትዬ፣ የተሳታፊን መልስ መምራት በመመሪያችን ክልክል ነው» አለኝ። በማግሥቱ ስሕተቱን በጽሑፍ ባሳስባችሁ «አስተያየትዎን በአክብሮት ተቀብለነዋል» የሚል መልስ ልካችሁልኛል። አክብሮቱ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ከአታት በኩል የመጡት ገበሬ፣ የስኳር ሕመምተኛው አቶ ባልቻ ደግሞ «በገበያው አማራጭ ምርቶች ያገኛሉ?» ተብለው ሲጠየቁ ሳቅ አሉና «ኧረ ሞልቶ! ቆጮው፣ ቅቤው፣ በርበሬው፣ ልባሽ ጨርቅ ብትል… የጠፋው ገዥ ነው» ብለው መለሱ። በሪፖርታችሁ ሠንጠረዥ ውስጥ ይህ መልስ «በቂ አማራጭ ምርት መኖሩ ተረጋግጧል» ሆኖ አገኘሁት። ቅቤ የደም ስኳርን እንደሚለካ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበርና ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. እርካታን ስለ ለካችሁበት ጥበብ። ሰፍያ የምትባል ሌላዋ ጎረቤቴ አቡሽ የሚባል ልጅ አላት፤ እሱም በዚያው ዓይነት መለኪያ የሚኖር የናዝራዊት እኩያ ነው። «በመሣሪያው አቅርቦት ምን ያህል ረክተዋል?» ስትባል «አልሐምዱሊላህ» አለች። ሱራፌል ከአምስቱ ደረጃዎች ከፍተኛውን ሞላላት። ክቡር ሆይ፣ ሰፍያ ባሏን ቀብራ ስትመለስ እንዴት ሆንሽ ብላት የመለሰችልኝ ይህንኑ ቃል ነው። ትርሲትም «እግዚአብሔር ይመስገን» በማለቷ እኩል ነጥብ አግኝታለች፤ በዚህ ረገድ የሁለቱም እምነት ተከታዮች በጥናታችሁ ፍጹም እኩልነት ስለተደረገላቸው ከተማችን ኮርታለች።

፫ኛ. «ዘላቂነት» ስለተባለው ቃል ትንሽ ማብራሪያ ቢጠቅማችሁ ብዬ ነው። በእኛ መሥሪያ ቤቶች አንድ ችግር «በዘላቂነት ይፈታል» ከተባለ ባለጉዳዩ ወንበሩን ትቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ዘላቂው ችግሩ እንደሆነ ገብቶታልና። ትርሲት ግን የመሥሪያ ቤት ሰው ስላልሆነች «መሣሪያው ዘላቂ ነው ይላሉ?» ስትባል «ስንቴ ከጠረጴዛ ወድቆ መቼ ተሰበረ!» አለች። በዚህች መልስ ላይ ተመሥርታችሁ አቅርቦቱን «ዘላቂ» ብላችሁታል። እዚያው ገጽ ግርጌ ላይ ደግሞ፣ ስትሪፑ ሲቆም በአካባቢያችን የሚጣለው የፕላስቲክ ቆሻሻ እንደሚቀንስ በማስላት «አዎንታዊ የአካባቢ ተጽዕኖ» የሚል አረንጓዴ ቅጠል አስቀምጣችኋል። ስሌቱ ትክክል ነው። ቆሻሻው ቀንሷል።

የእነዚህ ሁሉ ድምር የሆነውን መደምደሚያችሁን ሳነብ መነጽሬን ሁለት ጊዜ ጠረግሁ፦ የወልቂጤና አካባቢዋ ነዋሪዎች የገበያ ተደራሽነት፣ ጥናቱ ከተካሄደባቸው የአውሮፓ ከተሞች ሁሉ እንደሚበልጥ፣ ስለሆነም ለዚህ አካባቢ ሲባል ምርቱን ማቆየት እንደማያስፈልግ ይላል። አውሮፓን የምንበልጥበትን አንድ ነገር ለተማሪዎቼ ለመንገር ስፈልግ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መገኘቱ ብቻ ቆጨኝ።

፬ኛ. አሁን ወደ ናዝራዊት። ይህን ክፍል ባጭሩ እጽፈዋለሁ።

ስትሪፕ በነበረ ጊዜ በእናትና በልጅ መካከል አንድ ጨዋታ ነበር። ናዝራዊት ጣቷን ከወጋች በኋላ መለኪያው እስኪያስብ ድረስ ሁለቱም ቁጥሩን ይገምታሉ፤ የቀረበው ያሸንፋል። ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ «እማ፣ ዛሬም በላሁሽ!» ስትል እሰማት ነበር። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የምታሸንፈው እሷ ናት፤ ገላዋን ታውቀው ነበር። ስትሪፑ መምጣቱን ሲያቆም የቀረውን አንዱን ለቀን፣ ኋላም ለሳምንት አብቃቁት። ትርሲት አንዱን በመቀስ ለሁለት ሰንጥቃ ሞከረች፤ መለኪያው ስሕተት መሆኑን የሚናገሩ ሁለት የፈረንጅ ፊደላት አሳየና ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ግምቱ ቀጠለ፤ ዳኛ ግን አልነበረውም።

በጥር ወር አንድ ጠዋት ናዝራዊት «ዛሬ ከፍ ያለብኝ ይመስለኛል» አለች። እናቷ መርፌውን ጨመር አድርጋ ወጋቻት። ልጅቷ ትምህርት ቤት ሄደች፣ ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለ ወደቀች። መምህራኑ ቁርስ ሳትበላ የመጣች መስሏቸው ውኃ ረጩባት፣ ጥላ ሥር አስተኟት፣ ኋላም ባጃጅ ተጠርቶ ወደ ሆስፒታል ተወሰደች። ባጃጁ ሳይውል ሳያድር ደርሷል፤ ይህን ያህሉን ተደራሽነት አልክድም። ሐኪሞቹ በራሳቸው መለኪያ ለክተው ስኳሯ ወርዶ፣ ወርዶ ማለቁን ለትርሲት ነገሯት። ከስንት ወር በኋላ የልጇን ቁጥር ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ናዝራዊት በማግሥቱ አረፈች።

ትርሲት የሐዘን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ ለመጣው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ትናገር ነበር፦ «እኮ ተሳስታ አታውቅም፤ እኔን ጠይቁኝ፣ ተሳስታ አታውቅም።» የአስተዛዛኙ ብዛት መንገድ የሚዘጋ ስለነበር ተሳታፊ ቢፈልጉ ኖሮ በቂ ናሙና ያገኙ ነበር።

፭ኛና የመጨረሻው ቅሬታ አይደለም፣ ልመና ነው። አምራቹ በመጋዘን የቀረውን ስትሪፕ የት እንደሚልክ በሚቀጥለው ወር እንደሚወስን፣ ሲወስንም የእናንተን ሪፖርት እንደሚያይ ራሳችሁ ነግራችሁኛል። አቡሽ ዛሬ የሚለካው አጎቱ መርካቶን አስሶ በላከለት ትራፊ ነው፤ እሱም ወደ ማለቁ ነው። ሰፍያ በየጠዋቱ ልጇን አተኩራ ስታየው እኔም እሷን አያለሁ፤ በፊቱ ላይ ቁጥር ስትፈልግ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ትርሲትም እንደዚሁ ታይ ነበርና። ስለዚህ ክቡርነትዎ ስለ እኛ የጻፉትን ያን አንድ መስመር ስብሰባው ሳይደርስ እንዲሰርዙት፣ ሁለተኛው ዙር ሲመጣም ተደራሽነቱንም ዘላቂነቱንም ሻንጣ ውስጥ ትታችሁ ተሳታፊዎቹን በዚህ አማርኛ ብቻ እንድትጠይቁ በእግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ፦ «ስትሪፑ ሲያልቅብዎ ሌላ ያገኛሉ?» መልሱ አንድ ቃል ነው፤ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳችሁ አስተርጓሚ መቅጠር አያስፈልጋችሁም።

መልእክታችሁን ለትርሲት አንብቤላታለሁ። «አይቀርቡኝም» ትለኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ይምጡ እንጂ፣ እትዬ የሺ። የሰፍያን ልጅ ቁጭ አደርገዋለሁ፤ እሱን እያዩ ይጠይቁኛል» አለች። በረንዳዬ ክፍት ነው፤ ወንበርም አለ።

እነሆ፣ ባስተማራችሁን ሁሉ ልባችን ተነክቶ፣ ከአውሮፓ መብለጣችንን ለልጅ ልጅ እያወራን፣ ለማዕከልዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለሠንጠረዦችዎ የተሟላ መልስን፣ ለእርስዎም ጣትዎን በወጉ ቁጥር የማያሳፍር የደም ስኳር ከልብ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

የእርስዎ ትሑት የጥናት በረንዳ ባለቤት፣
የሺመቤት
ወልቂጤ

ማስታወሻ፦ ትርሲት በልጇ ስም የፈረመችበት የስምምነት ወረቀት፣ ማንኛውም ተሳታፊ በፈለገ ጊዜ ጥናቱን ማቋረጥ እንደሚችል፣ ለምን አቋረጥህ ተብሎም እንደማይጠየቅ ይደነግጋል። ናዝራዊት አቋርጣለች። እንደ ደንባችሁ ምክንያቱን አትጠይቋትም፤ ምክንያቱን በእሷ ፈንታ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ምንም አልፈረምኩም።