ከቡድን ፎቶው የጎደለችው ነርስ

ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አቃቂ በሰቃ። እስከ ረፋዱ ሠላሳ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ወጥቷል፤ የቆርቆሮ ምስማር አልቋል፤ ሕፃኑ ሦስት ጊዜ ጠብቷል።

ለተከበሩ ዶክተር አጥናፉ፣ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና ይሁን። እኔ ሀይረዲን ረሻድ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት የሕንፃ መሣሪያ የምነግድ ጎረቤትዎ ስሆን፣ በዕለት ማስታወሻዬ ያሰፈርኩትን ምስጋና በአደባባይ የማቀርብልዎ በታላቅ ትሕትና ነው።

፩. መስከረም 28 ቀን ባለቤቴ ሐጀራ ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ደም ሲፈሳት፣ በማዋለጃ ክፍሉ አንዲት ተለማማጅ ተማሪ ስለተዉልን አመሰግናለሁ። ነርሶቹ በሙሉ ፎቅ ላይ የአመራር ክህሎት እየሠለጠኑ ነበር።

፪. የአዳራሹን በር በርግጄ «ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው!» ብዬ ስጮህ፣ ማይክ የያዙት አሠልጣኝ «ወንድሜ፣ ጥያቄ በመጨረሻ ነው» ስላሉኝ የስብሰባ ሥርዓት ተምሬአለሁ። ግድግዳው ላይ «መሪ ትእዛዝ አይጠብቅም» የሚል ጽሑፍ በትልቁ በርቶ ነበር፤ ተሰብሳቢው ግን የእርስዎን ፊት ያይ ነበር። የተነሣችው ሲስተር እድላዊት ብቻ ናት። እርስዎም «ፎቶ ልንነሣ ነው፣ ቁጭ በይ!» ሲሏት፣ «ዶክተር፣ እኔ ባልኖርም ያምርባችኋል» ብላ ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

፫. ሐጀራ ተርፋለች። አሁን ደግሞ ሲስተር እድላዊትን «ሥልጠና አቋርጣ በመውጣትና በቡድን ፎቶ ባለመገኘት» ከሰዋት ከሥራ ሊያሰናብቷት መሆኑን ሰማሁ። ያን ሁሉ ሰው አሠልጥነው ትምህርቱ የገባት አንዲት ሴት ብቻ ብትሆን፣ እሷኑ ከመሐል ነቅሎ ማውጣት በእርግጥ ብርቱ አመራር ይጠይቃል።

፬. ፎቶውን በሆስፒታሉ የቴሌግራም ገጽ ላይ ስለለጠፉት ከሁሉ አብልጬ አመሰግናለሁ። ከጀርባዎ ያለው የግድግዳ ሰዓት አራት ከሃያ ይላል። የሐጀራ የመውጫ ወረቀት ደሙ መፍሰስ የጀመረው አራት ከአሥር ላይ መሆኑን ይናገራል። ፈገግታዎ ግሩም ነው።

ደግ የዋሉለትንም ክፉ የዋሉበትንም በእኩል ጥንቃቄ የሚያስታውስ፣ አክባሪ ጎረቤትዎ፣
ሀይረዲን ረሻድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፎቶውን በባነር አሳትሜ፣ ሰዓቱን በቀይ ከብቤ፣ ከሱቄ በር በላይ ሰቅዬዋለሁ። መጋረጃዎን ገለጥ ቢያደርጉ ከቢሮዎ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የነገ ሥራዬ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፦ ሐጀራንና የመውጫ ወረቀቷን ይዞ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ለሲስተር እድላዊት መመስከር።