ሦስት በር ያላት ኮምፒውተር

ሰኞ፣ የካቲት 3፣ 11 ሰዓት ከቀትር በኋላ
ጎማ ለጥፌ ገባሁ። እጄ ገና ጥቁር ነው፤ ገጽህን ባቆሽሽ ቻለው፣ ደብተር። የማታ ት/ቤት የጨረሰ ጎሚስታ ስንት አለ ጉለሌ ውስጥ? እኔ ነኝ፣ በቃ።
ልጄ ትዕግስት ደግሞ ባሰች። በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሦስት ድረ ገጽ ባንዴ ታስኬዳለች። የሐጂ መለዋወጫ ሱቅ፣ እድራችን፣ ጳውሎስ ሆስፒታል ጋ ያለው ፋርማሲ። ማሽኑ አንድ፣ በሩ ሦስት። በየበሩ ቁጥር፦ 8001፣ 8002፣ 8003። ገና ሙከራ ላይ ነው ትላለች። ለኔ አልቋል። የማን ልጅ ሆና!

ማክሰኞ፣ 6 ሰዓት
የድረ ገጾቹን አድራሻ ከስክሪኑ ቀዳሁ። በገዛ እጄ! «localhost» የሚለውን የፈረንጅ ፊደል ሳይቀር። የ8001ን ለሐጂ፣ የ8002ን ለእድራችን ዳኛ ለጋሽ በቀለ ሰጠሁ። በስልካችሁ ክፈቱና ጉድ እዩ አልኳቸው።

ማክሰኞ፣ ምሽት 1 ሰዓት
ጉድ ፈላ። ለሁለቱም እምቢ አለ። ሐጂ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጡ። የነፋስ ሱቅ ነው እንዴ የሠራችልኝ፣ ነገ ካላየሁ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ አሉ።
ለትዕግስት ነገርኳት። ራሷን ያዘች። ለካ ያ አድራሻ «እዚሁ እኔው ጋ» ማለት ነው። በኛ ኮምፒውተር ሲጻፍ ኮምፒውተሩን፣ በሐጂ ስልክ ሲጻፍ የሐጂን ስልክ ይጠራል። ሰው ሁሉ የገዛ በሩን ሲያንኳኳ ዋለ! ሳቄ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም። ሐጂ የመጀመሪያ ደንበኛዋ ናቸው። እሳቸው ከሄዱ ማን ያምናታል? ሳቄን ዋጥኩ።

ረቡዕ፣ 10 ሰዓት ከቀትር በኋላ
ለምኜ ሁለቱንም እቤት አመጣኋቸው። ሐጂ እንደተኮሳተሩ። ትዕግስት ስልካቸውን ከቤታችን ዋይፋይ አገናኘች፣ የኮምፒውተሩን ትክክለኛ አድራሻ ጻፈች፣ መጨረሻው ላይ 8001። ተከፈተ! የፍሬን ሸራ፣ የሞተር ካንዴላ፣ ዋጋው ሁሉ። ጋሽ በቀለ ደግሞ በ8002 የእድርተኛውን ስም ያያሉ። እኩል፣ ባንድ ማሽን!
ሐጂ ጠረጠሩ። አንገታቸውን ወደ ጋሽ በቀለ ስልክ አሰገጉ።
«የኔ ዕቃ እርስዎ ጋ እንዳይገባ!»
«ኧረ ሐጂ፣ ካንዴላ ለቀብር ምን ያደርግልናል?»
ሐጂ ሳቁ። ልጄ ተነፈሰች።
ከዚያ ሐጂ ለወንድሜም ሱቅ ይሠራለት፣ ቦታ ይተርፋል ወይ አሉ። ትዕግስት አፏን ሳትከፍት «ሞልቶ!» አልኩ። ገረመመችኝ። ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋችው።
«እንግዲያው በሩን አንተ ክፈተው፣ አባዬ። የሚቀጥለውን ቁጥር።»
ሐጂ ያያሉ፣ ጋሽ በቀለ ያያሉ። ጣቴን በሱሪዬ ጠረግኩ። አንድ በአንድ ተጫንኩ።
8... 0... 0... 4።