የይሻው ብስክሌት

ይድረስ ለይሻው እናት፣ ለእማዬ፤

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄደው ከታጠቡ ወዲህ ሻል እንዳለዎት ሰምቼ ደስ አለኝ። የይፋግ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? እኛን የጉና ብርድ ዘንድሮም አልማረንም፤ እኔ ግን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን በስልክ ልነግርዎ ስንት ጊዜ ደውዬ፣ ስለ ዶሮና ስለ ዝናብ አውርተን ዘጋሁት። አፌ እምቢ ቢለኝ ጻፍሁ። ዲያቆኑ ሲያነብልዎ ቀስ ይበል።

ነገሩ የይሻው ብስክሌት ነው። በተዝካሩ ቀን «ማንም እንዳይነካብኝ» ብለው ነበር። እኔም ባሌ የነዳውን ጓዳ አቁሜ፣ ነጠላዎን አልብሼ፣ አቧራውን ብቻ እየጠረግሁ ኖርሁ። ዘንድሮ ነካሁት። አይቆጡኝ፤ ከተቆጡም እስከ መጨረሻው ይስሙኝ።

ይሻው የፊዚክስ መምህር አይደል፤ የብስክሌትን አመጣጥ ማውራት ከጀመረ እራቱ ይቀዘቅዝ ነበር። በጀርመን አገር እህል ጠፍቶ ለፈረስ የሚቀለብ በታጣበት ዘመን ነው አሉ፣ አንድ ሰው ሁለት የእንጨት ጎማ ያገጣጠመው። ፔዳል የለው፣ ሰንሰለት የለው፤ ተቀምጠውበት መሬቱን በእግር እየገፉ መሄድ ብቻ። «ታዲያ ከመራመድ በምን ይሻላል?» እያልሁ እስቅበት ነበር። ፔዳል እስኪያገኝ ከአርባ ዓመት በላይ ፈጀ፤ ያውም ከፊት ጎማው ላይ። ቀጥሎ የፊቱን ጎማ ሰው የሚያክል አደረጉት። እየተፈነገሉ በግንባራቸው ሲተከሉ ጊዜ ነው ጎማዎቹን እኩል አድርገው ሰንሰለት ያበጁለት። ይሻው ግን ሁልጊዜ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። «ያን ሁሉ ዘመን የቸገራቸው ብረቱ አይደለም፤ እግራቸውን ከመሬት ማንሳት ፈርተው ነው» ይል ነበር።

ሙሉቀንን ያውቁታል፤ የይሻውን ብስክሌት ሲጠግን የኖረው፣ በቀብሩም ቃሬዛውን ከፊት የተሸከመው ነው። ጎማው ከነአካቴው ሳይበላሽ ላስነፋ ወሰድሁለት። ለምን መንዳት አትማሪም አለኝ። ሳቅሁ። እሱ ግን ፔዳሎቹን ፈታ፣ መቀመጫውን ዝቅ አደረገና፣ እግርሽ መሬት ይንካ፣ እየገፋሽ ሂጂ አለኝ። ያ ይሻው የሚያወራልኝ የእንጨት ብስክሌት! ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ዳር ሜዳው ላይ መሬት ስገፋ ከረምሁ። ጎረቤቴ ብርቱካን፣ «እሱ ነው የሚሸከምሽ ወይስ አንቺ ነሽ የምትሸከሚው?» እያለች ስቃ ልትሞት።

ሙሉቀን አይቸኩልም። ፔዳሉን መቼ ትመልሰዋለህ ስለው፣ «አንቺ ስትይ» ይላል። ከጥምቀት በኋላ በአንዱ ቅዳሜ መልሰው አልሁት። እግሬ ከመሬት ተነሣ፣ እማዬ። ነፋሱ ፊቴን ሲመታው ይሻውን አሰብሁና ጮክ ብዬ አለቀስሁ፤ ግን አልወደቅሁም። ሙሉቀን ሳይነካኝ ከኋላዬ ይሮጥ ነበር።

እርስዎ ከይሻው ሌላ አልወለዱም፤ እኔም እናትና አባቴን ሳልጠግባቸው ያጣሁ ነኝ። ከቀብሩ በኋላ አንድ ጋቢ ለብሰን የሰነበትነውን አልረሳም። ነጠላውን አጥቤ አጥፌ አስቀምጬዋለሁ፤ ሲመጡ ይወስዱታል።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ የሙሉቀን ሽማግሌዎች ደጅዎ ይመጣሉ፤ የንስሐ አባቴ መምሬ አስረስም አሉበት። ከእርስዎ ደጅ ሌላ የምልካቸው የለኝም። ልጅ ሊጠይቁ መምጣታቸውን ሲናገሩ፣ እባክዎ፣ «እኔ ሴት ልጅ የለኝም» ብለው እንዳይመልሱብኝ።

ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ልጅዎ፣
ከደብረ ታቦር